የፍየል አንቲቦዲ በጤና ኬላ

ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲያቁር፣ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ በሚወርደው ቆላ ወባ ይበረታል። ትኩሳት የያዘው ልጅ ጤና ኬላ ሲደርስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣቱን ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በፕላስቲኩ መመርመሪያ ላይ ታሳርፋለች፤ ፈሳሹን ጨምራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትጠብቃለች። እናት የምትጨነቀው «ወባ ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ነው። ባለሙያዋ ግን አስቀድማ የምታየው «ሲ» የሚል ፊደል ያለበትን መስመር ነው። እሱ ካልወጣ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ በሌላ መመርመሪያ ይደገማል።

ይህን መስመር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ከፍየል ደም የተገኘ አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያመርተው፣ ያንኑ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። በመመርመሪያው ውስጥ ከደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ጋር የተጣበቀ የአይጥ አንቲቦዲ አለ። በደሙ ውስጥ የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ካገኘ ይዞት ይጓዛል፤ የወባው መስመር ላይ ሲደርሱም ይቀራሉ። መስመሩን የሚያቀላው ወርቁ ነው፤ ወርቅ ይህን ያህል ሲደቅ ቀይ ይመስላል። ያልተያዘው የአይጥ አንቲቦዲ ደግሞ ጉዞውን ቀጥሎ «ሲ» ዘንድ ይደርሳል። እዚያ የፍየሉ አንቲቦዲ ይይዘዋል።

ፍየሏ ይህን የምታመርተው የአይጥ አንቲቦዲ በመርፌ ስለምትወጋ ነው። ለሰውነቷ ባዕድ ነውና መከላከያ ታበጅለታለች። እንዲህ ያለው አንቲቦዲን የሚይዝ አንቲቦዲ በላቦራቶሪ «ሁለተኛ አንቲቦዲ» ይባላል። ትልቁ ጥቅሙ ለብዙ ሥራ መዋሉ ነው፤ ከቡታጅራ ፋርማሲ በሚገዛ የእርግዝና መመርመሪያ ላይም ይኸው ዘዴ ይሠራል። እንግሊዛዊው ሮቢን ኩምብስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በዚህ መንገድ የቀየሰው የደም ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1945 ታትሟል፤ የደም ዓይነታቸው አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ዛሬም ይመረመሩበታል።

ወባ በማይበዛበት አካባቢ የ«ሲ» መስመር ነገር ይበልጥ ይከብዳል። በቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ከ19 ሺህ በላይ የደም ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ወባ የተገኘው ከመቶው አንድ በማይሞላው ነበር፤ አብዛኛውም ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ በአብዛኛው ሰው መመርመሪያ ላይ የምትወጣው ያቺው የፍየሏ መስመር ብቻ ናት። «ወባ የለብህም» የሚለው ቃል በእሷ ላይ ያርፋል።

ሁሉን ግን አትመሰክርም። የምታረጋግጠው ፈሳሹ እስከ መጨረሻው መጓዙንና የአይጡ አንቲቦዲ መድረሱን ነው። ደሙ አንሶ እንደሆነ ወይም ሙቀት የወባውን መስመር ጎድቶት እንደሆነ አትናገርም። ስለዚህ መመርመሪያውን ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ማራቅ ያስፈልጋል። የሚመረመር ሰውም ውጤቱን በዓይኑ ለማየት ይጠይቅ፤ ወባ የለብህም ተብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ።