«ዶክተር፣ ልጅ መውለድ እንችላለን?»



በቅርቡ ባልና ሚስት ሊያማክሩኝ መጡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። እሱ ኤች አይ ቪ በደሙ አለ፤ እሷ ነፃ ናት። መድሃኒቱን ለዓመታት ሳያቋርጥ ወስዷል። «ዶክተር፣ ልጅ መውለድ እንችላለን?» ያለችኝ እሷ ናት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ቆይቶ «እንዳላስይዛት ፈርቼ አልጋ ከለየን ሁለት ዓመት ሆነን» አለ።

እውነት ለመናገር አፈርኩ። ሥራ ስጀምር እንደነሱ ላሉ ታካሚዎች «ኮንዶም ተጠቀሙ» ብዬ ቀጣዩን ተረኛ እጠራ ነበር፤ ዋናውን ነገር ሳልነግራቸው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ መድሃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በምርመራ የቫይረሱ መጠን (ቫይራል ሎድ) የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። «ዕድሉ ይቀንሳል» ማለቴ አይደለም፤ አያስተላልፍም! እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የወጣው ፓርትነር የተባለ የአውሮፓ ጥናት 888 ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር። ወደ 58,000 ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገዋል። ከትዳር ወይም ከፍቅር አጋሩ ቫይረሱ የተላለፈበት አንድም ሰው አልተገኘም።

ግን እነዚህን ልብ በሉ፦

👉 የሚወስነው ምርመራው ነው። «አሁን ደህና ነኝ፣ ወፍሬያለሁ» ማስረጃ አይሆንም። መድሃኒት ከተጀመረ በኋላ የቫይረሱ መጠን እዚህ ደረጃ ለመድረስ እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ኮንዶም ግዴታ ነው። ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንዴ ተመርመሩ።

👉 መድሃኒቱ ከተቋረጠ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ጸበል ስትሄዱም፣ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስትወጡም ይዛችሁት ሂዱ።

👉 መድሃኒቱ ቂጥኝንና ጨብጥን፣ ያልተፈለገ እርግዝናንም አይከላከልም። ለዚህ ኮንዶም ዛሬም ያስፈልጋል።

👉 የቫይረሱ መጠን ገና ካልወረደና ኮንዶም ከተቀደደ፣ ቫይረሱ የሌለበት ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ይድረስ። የመከላከያ መድሃኒት አለ፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ካርዱን ገልጬ የቅርብ ጊዜ ውጤቱን አሳየኋቸው፦ ቫይረሱ አይታይም። የቀደመው ዓመትም እንደዚያው ነበር። እሷ አለቀሰች። እሱ ግን ቀና ብሎ «ታዲያ እስከዛሬ ለምን ማንም አልነገረንም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። አጠገባችሁ ሆኖ፣ ሳይነግራችሁ፣ ይሄን መረጃ የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላልና ሼር አድርጉት።