ዞኮሎ በሰመራ ሙቀት

ቤት ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል የሚመጣው ባለሙያ የሚይዘው ቀጫጭን ነገር ነው፦ ለወለሉ ዳር ዞኮሎ፣ ለበርና ለመስኮት መቃን ዙሪያ የእንጨት ጠርዝ፣ ግድግዳና ኮርኒስ ለሚገናኙበት የጂፕሰም ጌጥ። በዚያ ሰዓት የባለቤቱ ገንዘብም ትዕግሥትም አልቋል፤ ሥራው በአንድ ቀን ይጠናቀቅ ይባላል። ሰመራ ላይ ይህ ችኮላ ውሎ አድሮ ያስከፍላል።

የነዚህ ጠርዞች ዋና ሥራ ክፍተት መሸፈን ነው። ሴራሚክ፣ ልስንና እንጨት ሲሞቁም ሲደርቁም እኩል ስለማይንቀሳቀሱ በመካከላቸው ሆን ተብሎ ጥቂት ሚሊሜትር ይተዋል። ዞኮሎው ያንን ይሸፍናል፤ የመወልወያውን እርጥበትም ከግድግዳው ቀለም ያርቃል።

ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የአፋር ከተማ ናት፤ በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በክረምት ከአዲስ አበባ የተጫነ እንጨት እዚህ ሲደርስ እርጥበቱን ይለቃል። ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ ስፋቱ ግን ይቀንሳል። በ45 ዲግሪ ተቆርጠው የተጋጠሙ ሁለት ጠርዞችም ስፋታቸው ሲቀንስ ከማዕዘኑ ውስጠኛ በኩል ይከፈታሉ። አናጢው ይወቀሳል፤ ስኳድራው ግን ትክክል ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንጨቱን ከመቁረጥ በፊት፣ አየር እንዲያገኘው በመካከሉ ስንጥር እየገባ ተደርድሮ፣ በሚገጠምበት ክፍል ውስጥ ለቀናት ማሳደር።

ፕላስቲክ አይደርቅም፤ ግን ይለጠጣል። 3 ሜትር የሆነ የፒቪሲ ዞኮሎ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። በማለዳ ቅዝቃዜ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥብቅ ተደርጎ ከተገጠመ ቀትር ላይ መሐሉ ይነፋል። ከሴራሚኩ ራሱ በግራይንደር የሚቆረጠው ዞኮሎ በዚያው ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ለሰመራ እሱ ይመረጣል።

ቆረጣው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዕዘን ሁሉ 90 ዲግሪ ነው ብሎ በማመን ነው። የተለሰነ ግድግዳ እንዲያ አይታዘዝም። 92 ዲግሪ የሆነ ውጫዊ ማዕዘን እያንዳንዱን ጠርዝ ከርዝመቱ አንጻር በ46 ዲግሪ መቁረጥ ይጠይቃል። ለውስጠኛው ማዕዘን የተሻለ ዘዴ አለ፦ አንዱ እንጨት ቀጥ ብሎ ግድግዳው ድረስ ይገባል፤ የሌላው ጫፍ በቀጭን መጋዝ የመጀመሪያውን ቅርጽ ተከትሎ ይፈለፈልና ላዩ ላይ ይቀመጣል። ማዕዘኑ ቢጣመምም፣ እንጨቱ ትንሽ ቢቀንስም ክፍተቱ ብዙም ለዓይን አይታይም።

አፋር ውስጥ ግን መሬቱም ይንቀሳቀሳል። ከሰመራ ብዙ የማትርቀው ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መጠናቸው ከ5 ያለፈ መንቀጥቀጦች ቤቶችን ሰንጥቀው ብዙ ሺሕ ሰው አፈናቅለዋል። ሴቶች ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት የአፋር ቤት፣ ዳቦይታ፣ የሚሰነጠቅ ግድግዳ የለውም። የብሎኬት ቤት ግን አለው፤ እዚህ ላይ ጠርዝ ሊያታልል ይችላል። አዲስ ስንጥቅ ላይ ጌጥ መለጠፍ መስፋቱን ከዓይን መሰወር ነው። በስንጥቁ ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ጽፎ መጠበቅ ይሻላል፤ እየሰፋ ከሄደ ጉዳዩ የመሐንዲስ ነው።

ወደ እንጨቱ ስንመለስ፣ ከሩቅ መምጣቱ ያስቆጫል። የአዋሽን ሸለቆ የወረረውና የግጦሽ መሬት ያጠፋው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው ዛፍ ከባድ፣ ጠንካራና ሲደርቅ እምብዛም የማይጣመም እንጨት አለው፤ አርጀንቲና ውስጥ የዚሁ ዛፍ ዘመዶች ለበርና ለፓርኬ ይውላሉ። አፋር ውስጥ ግን በብዛት ከሰል ይሆናል። ግንዱ አጭርና ጠማማ ስለሆነ 3 ሜትር ዞኮሎ አይወጣውም፤ ለደፍ፣ ለማዕዘን ማሰሪያና ለአጫጭር የመስኮት ጠርዝ ግን ይበቃል።