በረዶ ያልነካው ቢራ

ስለ አየርላንድ መጠጥ ቤት የሚያወራ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ደብሊንን ነው የሚያነሳው። ቴምፕል ባር በሚባለው ሰፈር ከቱሪስት ጋር ተጋፍቶ ስለጠጣው ጥቁር ቢራ ይተርካል፣ ፎቶም ያሳያል። ይህን ስሰማ ቅር ይለኛል። የዚያ አገር መጠጥ ቤት ሙያው የሚታየው ገጠር ነው። እኔ የወደድኩት ኬሪ በሚባለው አውራጃ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዘልቆ በገባው የዲንግል ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለውን ነው። እዚያ ብዙ ሰው ዛሬም የጥንቱን የአየርላንድ ቋንቋ ይናገራል። ባሊፌሪተር ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ሪያስክ ላይ፣ ቲግ ቭሪክ የሚባል የቤተሰብ ፐብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው ዌስት ኬሪ ጠመቃ ቤትም መነሻው እዚያው ነው። የሚጠምቀውም የሚቀዳውም አንድ ቤት ነው።

የገጠር ፐብ ምን እንደሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፦ ባንኮኒ፣ የሚነድ እሳት፣ ጥቂት ወንበር፣ ከበሩ በላይ የባለቤቱ ስም። ድሮ የመንደሩ ሱቅም እሱ ነበር። ወደ ዲንግል ከተማ የሄደ ሰው የዚህን ልማድ ርዝራዥ አሁንም ያያል፦ ፎክሲ ጆንስ ውስጥ በአንድ ወገን ሚስማርና መዶሻ በሌላው ቢራ፣ ዲክ ማክስ ውስጥ ደግሞ የቆዳ ሥራና መጠጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

እነዚህ ቤቶች እየጠፉ ነው። ከ2005 ወዲህ በአየርላንድ ከ2,000 በላይ ፐቦች ተዘግተዋል፤ ክፉኛ የተጎዳውም ገጠሩ ነው። ሰዉ ምክንያቱን ሲቆጥር ስደትን፣ የመጠጥ ዋጋን፣ ጠጥቶ በማሽከርከር ላይ የጠበቀውን ሕግ ይጠቅሳል። ልክ ነው፤ ግን የንግድ ፈቃዱን ነገር የሚያነሳው ጥቂት ነው። በ1902 የወጣ ሕግ አዲስ የመጠጥ ቤት ፈቃድ መስጠትን በመሠረቱ አቆመ። አዲስ መክፈት የፈለገ ነባር ፈቃድ ገዝቶ ያንን ማሰረዝ አለበት። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ከየትኛውም የአገሪቱ ማዕዘን የተገዛ አንድ ፈቃድ ለሌላው ማዕዘን እንዲበቃ አደረገ። እንግዲህ አንድ የመንደር ፐብ በሩን ሲዘጋ ፈቃዱ ተሸጦ ከተማ ውስጥ ለሱፐርማርኬት የወይን መደርደሪያ ሊውል ይችላል። መንደሩ መልሶ ለማግኘት ሌላ ፈቃድ መግዛት ይጠበቅበታል፤ ሃምሳ ቤት ያለው መንደር ይህን ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ቢራ መጥመቅ ለገጠር ፐብ መዳኛ ሊሆን የሚችለው በዚህ መሀል ነው። ከ2005 ጀምሮ መንግሥት ከትንንሽ ጠማቂዎች የሚሰበስበውን የቢራ ቀረጥ በግማሽ ቀነሰ። ከትልልቅ ፋብሪካ ገዝቶ የሚያከፋፍል ፐብ ዋጋውም ጣዕሙም ከጎረቤቱ አይለይም። የራሱን የጠመቀ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ስላለው ሰው መንገድ አቋርጦ ይመጣለታል።

ጠመቃውን ለአማርኛ አንባቢ በአጭሩ ብናገር ይበቃል። ገብሱ ብቅል ይሆናል፤ ብቅሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ የጠለለው ጭማቂ ሆፕስ ከሚባለው አበባ ጋር ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ እርሾ ይገባበታል። ሆፕስ እዚያ የጌሾን ሥራ ይሠራል፤ ያመርረዋል፣ እንዳይበላሽም ያግዘዋል። በሪያስክ ውኃው ከራሳቸው ጉድጓድ ነው። ወርቃማው ቢራ ቤል ባን ይባላል፤ ጠቆር ያለው ኩል ዶርቻ፣ ጥቁሩ ፖርተር ካሪግ ዱቭ።

ጠመቃ ቤቱን ያቋቋመችው አድሪየን ሄስሊን ናት። በአየርላንድ አዲሱ የጠመቃ ዘመን ጋዜጦች ስለ ሴት ጠማቂ ሲጽፉ ቀድመው የሚያነሱት እሷን ነው፤ ሲጽፉም እንግዳ ነገር እንዳዩ ሆነው ነው። ይህ ይገርመኛል። ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት በዚያ አገርም ቢራ የሴቶች የቤት ሙያ ነበር። ቅድስት ብሪጂድ የገላ መታጠቢያ ውኃን ወደ ቢራ ለወጠች የሚል ትውፊት ያለው ሕዝብ ነው፤ የእሷ መታሰቢያም ከ2023 ጀምሮ የሕዝብ በዓል ሆኗል። እናቷ ጠላ ስትጠምቅ ያየች የእኛ አገር ሴት በዚህ ዜና ምኑም አይደንቃት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለዚህ ነው። እንግዳ ገብቶ በእጅ ፓምፕ፣ ማለትም ያለ ጋዝ ግፊት በእጅ እየተሳበ፣ ከሚቀዳው ቢራ አንድ ብርጭቆ ያዝዛል፣ አንድ ጊዜ ይጎነጫል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፦ «ይኼ አልቀዘቀዘም፣ ጋዙም አልቋል፣ ተበላሽቷል።» ብርጭቆውን ሲመልስ አይቻለሁ፤ አስተናጋጇም ያለ ቅሬታ ሌላ ቀዳችለት። እኔ ግን አዘንኩ። ቢራው ምንም አልሆነም ነበር፤ ተጠንቅቀው ያዘጋጁት እንዲያ ነው።

በአብዛኛው ፐብ የሚቀዳው ቢራ ፋብሪካው ውስጥ ተጣርቶ፣ ብዙውን ጊዜም ሙቀት አልፎበት፣ እርሾው ተወግዶ በብረት በርሜል የሚታሸግ ነው። ከዚያ በኋላ አይለወጥም፤ ከበርሜሉ እየገፋ የሚያወጣውም ከውጭ የሚገባ ጋዝ ነው። ጊነስ በ1959 ናይትሮጅንን ከቢራው ጋር የሚያዋህድ ዘዴ አወጣ፤ ሥራውን የመራው ማይክል አሽ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ያ ወፍራም ነጭ አረፋ የመጣው ከዚያ ነው። ትልቅ ፈጠራ መሆኑን አልክድም።  ባሕር የሚሻገር ቢራ እንዲህ መታሸግ አለበት። በአየርላንድ ግን ይህ ዘዴ በርሜሉ ውስጥ መፍላቱን የሚጨርሰውን የድሮውን ቢራ ከሞላ ጎደል ከአገሩ አስወጣው።

የእጅ ፓምፑ ቢራ ከነሕይወቱ ነው በርሜል የሚገባው። እርሾው አልሞተም፣ የሚበላውም ጥቂት ስኳር ቀርቶለታል፤ ስለዚህ መፍላቱን የሚጨርሰው እዚያው በርሜሉ ውስጥ፣ ፐቡ ምድር ቤት ነው። በርሜሉ በጎኑ ይተኛል፣ ማንም አይነካውም። ከላይ ባለው ውታፍ ላይ መጀመሪያ አየር የሚያሳልፍ ለስላሳ እንጨት ይሰካል፤ የተረፈው ጋዝ በእሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ትክክለኛው መጠን ሲቀር ባለሙያው ለስላሳውን ነቅሎ ጠንካራውን እንጨት ይሰካና ያፍነዋል። መቼ እንደሚቀይረው የሚነግረው ሰዓት የለም፤ አረፋውን ዓይቶ፣ ቀምሶ ይወስናል። እርሾው ወደ በርሜሉ ሆድ ሲዘቅጥ ቢራው ይጠራል። መጥራቱን ለማፋጠን አንዳንድ ጠማቂ ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ነገር ይጨምራል፤ በጾም ወራት የሚጠነቀቅ ሰው ቢጠይቅ አያሳፍርም፣ ጥያቄውን ለምደውታል።

የሚቀዳውም ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ይህ የምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው፣ ሙቀት አይደለም። ከዚያ ወርዶ በረዶ ደረጃ ቢደርስ ምላስ ይደነዝዛል፤ የብቅሉ ጣፋጭነት፣ የሆፕሱ ሽታ፣ እርሾው የሚተወው ፍሬ ፍሬ የሚል ጠረን ሁሉ ይጠፋል። የጋዙ መቅለልም እንዲሁ ታስቦበት ነው፤ የሚነድፍ ጋዝ ሌላውን ጣዕም ይሸፍናል።

ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ፓምፑ ቢራ በሳበ ቁጥር በምትኩ አየር ወደ በርሜሉ ይገባል፤ በርሜሉ ከተከፈተ ከሦስት ቀን በኋላ ጣዕሙ መውረድ ይጀምራል። ቸል ያለ ፐብ አሮጌውን በርሜል ሳምንት ሙሉ እየቀዳ የዚህን ቢራ ስም ያጠፋል፤ ያንን ቀምሶ «አልወደድኩትም» ያለ ሰው ላይ አልፈርድም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ በትሕትና መልሱት፣ መብታችሁ ነው። ቀዝቃዛ አይደለም ብላችሁ ግን አትመልሱ፤ በረዶም አትጠይቁ። እንዲህ ያለ ቢራ ሩቅ መንገድ አይወድም፣ መናወጥ ያደፈርሰዋል፣ ቶሎ የሚጨርሰው ጠጪም ይፈልጋል። ጠማቂውና ፐቡ በአንድ ግቢ መሆናቸው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ በርሜሉ ጥቂት እርምጃ ተንከባልሎ ቦታው ይደርሳል፣ ያረፈበትን ቀን የሚያውቀውም የጠመቀው ሰው ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ በጋው ሳይደርስ ወይም ካለፈ በኋላ ይሁን፤ በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል። ስትገቡ መጀመሪያ ዛሬ በእጅ ፓምፑ ላይ የቱ እንዳለ ጠይቁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገኝም። ትንሽ ከፈራችሁ ግማሽ ብርጭቆ እዘዙ፣ ነውር የለውም። አብራችሁ የተቀመጠው ሰው ዙር ከጋበዛችሁ ቀጣዩ የእናንተ ነው፤ ይህን ረስቶ የወጣ እንግዳ ይታወሳል። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ በአሽከርካሪ ደም የሚፈቀደው አልኮልም ከ2011 ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር ከ80 ወደ 50 ሚሊ ግራም ወርዷል፤ ለጀማሪ አሽከርካሪ 20 ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናውን የሚነዳው ሻይ ይጠጣ፣ ወይም ማደሪያችሁን በእግር በሚደረስበት ያዙ።