ተቀጥላ ጥያቄ በአማርኛ፦ የ«አይደል» ቅርጽና አገልግሎት

ተቀጥላ ጥያቄ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ተጨምሮ፣ ተናጋሪው የገመተውን ጉዳይ አድማጩ እንዲያረጋግጥለት የሚጠይቅ አጭር አባባል ነው። በእንግሊዝኛ ተቀጥላው የዋናውን ዓረፍተ ነገር ረዳት ግስና ባለቤት ተከትሎ ይለዋወጣል፤ ዋናው አዎንታዊ ከሆነም ተቀጥላው አብዛኛውን ጊዜ አሉታዊ ነው። የአማርኛው «አይደል» ግን አይለዋወጥም። «ትመጣለህ፣ አይደል?»፣ «መጥተዋል፣ አይደል?»፣ «አልመጣችም፣ አይደል?» በሚሉት ውስጥ ባለቤቱ፣ ጊዜው፣ አዎንታና አሉታው ቢለያዩም ተቀጥላው አንድ ነው።

«አይደል» የተገኘው «አይደለም» ከሚለው አሉታዊ ግስ ነው። ይህ ግስ «አይደለሁም»፣ «አይደለህም»፣ «አይደለችም» እየተባለ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ፣ ለምሳሌ «ያይደለ» በሚለው፣ መድረሻው «-ም» ይቀራል፤ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ተባዕትን የሚያመለክተው አናባቢ ግን ይቆያል። «አይደል» ሁለቱንም አጥቷል። ስለዚህ ቃሉ ከግስነት ርቆ ወደማይለዋወጥ የጥያቄ አመልካችነት ተሸጋግሯል ማለት ይቻላል።

የስምምነቱ መኖርና አለመኖር የትርጉም ልዩነት ያመጣል። «ተማሪ ነህ፣ አይደል?» የሚል ጠያቂ መልሱን አስቀድሞ ገምቶ ማረጋገጫ ይሻል። «ተማሪ ነህ አይደለህም?» የሚለው ግን ሁለት አማራጮችን ያቀርባል፤ «አይደለህም» እዚህ ላይ «ተማሪ» የሚለው ቃል የተገደፈበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በመሆኑ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። «ተማሪ አይደለህም እንዴ?» ሲባል ደግሞ ጠያቂው ከግምቱ ጋር የማይጣጣም ነገር በማየቱ መደነቁን ይገልጻል።

ይህ ልዩነት ከሰዋስው ባሻገርም ዋጋ አለው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለምስክር በዋና ጥያቄ መሪ ጥያቄ እንዳይቀርብ ይከለክላል። «ቤት ውስጥ ነበር፣ አይደል?» የሚለው ጥያቄ መልሱን በውስጡ ስለያዘ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ጥሩ አብነት ነው። በመስክ ቃለ መጠይቅም ጠያቂውን የሚያከብር መረጃ ሰጪ፣ እንዳያሳፍረው ሲል ብቻ «አዎ» ሊል ይችላል።

መልሱን መመዝገብም ጥንቃቄ ይሻል። «አልመጣችም፣ አይደል?» ለሚለው «አዎ» የሚል መልስ በተለምዶ አለመምጣቷን ያረጋግጣል። ጥያቄውን ትቶ «አዎ»ን ብቻ የሚመዘግብ አጥኚ የመረጃ ሰጪውን ቃል ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ከነተቀጥላው፣ መልሱም ከነግሱ መመዝገብ ይኖርበታል።