አምባሰልን «ኤፍ ማይነር» ያለው መሣሪያ

አንባቢ ሆይ፣ ባለፈው ጥር ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በገሳይ በኩል በተደረገ ሠርግ አንድ አዛውንት አዝማሪ መሰንቆአቸውን እየገዘገዙ ሲያዜሙ በስልኬ ቀዳኋቸው። ቤት ገብቼም ቅጂውን ለኮምፒዩተር ሰጥቼ ቅኝቱን ጠየቅሁ። መልሱ በአፍታ መጣ፤ «ኤፍ ማይነር» አለኝ። ከድንኳኑ የነበሩት እናቶች ግን ዜማው ገና ሲነሣ አምባሰል መሆኑን ዐውቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሌላው ሰው እንደ ገና እንዳይደክም አዘጋጅተው የሚያኖሩት ስብስብ አለ፤ ላይብረሪ ይሉታል። እኔ የሠራሁበት በባርሴሎና በፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ኤሴንሺያ ነው። ይህ መሣሪያ ቅጂውን ቆራርሶ ከ12ቱ ግማሽ ቶኖች እያንዳንዱ ምን ያህል እንደ ተሰማ ይለካል፤ ከዚያም የለካውን ከ24 መልኮች፣ ይኸውም ከ12 ሜጀርና ከ12 ማይነር ጋር አስተያይቶ ይበልጥ የሚመስለውን ይመርጣል። ከነዚህ መልኮች ዝነኞቹን ካሮል ክሩምሃንስልና ኤድዋርድ ኬስለር በ1982 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሟቸው የምዕራባውያንን ሙዚቃ የለመዱ አድማጮችን ጠይቀው ነበር።

ኪቦርድ ካገኙ እስቲ ይሞክሩ፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ከዶ ተነሥተው በዶ ቢያርፉ አምባሰል ነው። አሁን ከአምስቱ አንዱንም ሳይለውጡ ከፋ ተነሥተው በፋ ይረፉ፤ ማይነር ትዝታ ሆነ። ለቆጣሪው መሣሪያ ግን አምስቱ ድምፆች ያው ናቸውና ሁለቱንም «ኤፍ ማይነር» ብሎ በአንድ ሣጥን ሊከታቸው ይችላል። ድምፅ ቆጥሮ ማረፊያውን መገመት፣ ገበያተኛውን ቆጥሮ ዳኛው ማን እንደ ሆነ እንደ መገመት ነው። በዚህ ላይ የመሰንቆ አውታር አንድ ብቻ፣ አንገቱም ምልክት የሌለው ነውና አዝማሪ የሚቃኘው በጉሮሮው ልክ እንጂ በፒያኖ ልክ አይደለም።

ለጨዋታ ከሆነስ ግድ የለም። ነገር ግን ወጣቶች የአያቶቻቸውን ዘፈን እየቀዱ መሣሪያው በሰጣቸው ስም ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ከ30 ዓመት በኋላ አምባሰልን የሚፈልግ ሰው በምን ስም ያገኘዋል?

መሣሪያ አይማርም ማለቴ አይደለም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በፕሎስ ዋን መጽሔት የወጣ ጥናት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተብለው የተለዩ 600 ቅጂዎችን ለኮምፒዩተር ቢያስተምር፣ ከመቶ 95 ያህሉን በትክክል ለየ። የለየው ቅኝቱን ነው ወይስ የዘፋኞቹን ጉሮሮ ብዬ መጠየቄ አልቀረም፤ ቢሆንም በራሳችን ስም ማስተማራቸውን ወድጄዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማማ ጭራሽ ሌላ ነው፤ በጋይንት ቤተልሔም ድጓ አስመስክሮ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ለሚለይ መሪጌታ ከ24ቱ ስሞች አንዱም አይጠቅመው።

እንግዲህ ሲቀዱ፣ ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት ቅኝቱን፣ አገሩንና ከማን እንደ ተማሩት አዝማሪውን ይጠይቁ፤ መልሱም አብሮ ይቀዳ። እኔ ያን ዕለት አልጠየቅሁም ነበር። በኋላ ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ በሠርጉ ላይ የተጫወቱት አምባሰል ነበር አይደል?» አልኋቸው።

«አምባሰል ነዋ፣ መምህር! ኋላ ወደ ትዝታ ሳዞረው አልሰሙም?»

ቤት ገብቼ ቅጂውን መልሼ ሰማሁት። እውነትም ከመካከሉ ዞሯል።