ከቦኖሻ የሚደውል ገበሬ ዝም ያለ ስልክ አይጠብቀው

8028ን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬ በነፃ ደውሎ፣ ቁጥር ተጭኖ የግብርና ምክር የሚሰማበት መስመር ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን የጥሪ ፍሰት ኮድ ሳይጽፉ፣ ሳጥንን ከሳጥን በቀስት እያገናኙ መሥራት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥሪው መሃል ከሰርቨር ጋር መረጃ የሚለዋወጠው «ዌብ ሪኩዌስት» የሚለው ሳጥን ላይ ነው።

አንድ ገበሬ ከሀዲያዋ ቦኖሻ ደውሎ የበቆሎ ዋጋ ለመስማት 2ን ተጫነ እንበል። ዋጋው መረጃ በሚያመጣው ጌት (GET) ይጠየቃል፤ አዲስ ደዋይ ለመመዝገብ ግን መረጃ የሚልከው ፖስት (POST) ነው። የደዋዩ ስልክ ቁጥር በ+251 ከጀመረ ተጠንቀቁ፦ የጥያቄው አድራሻ (ዩአርኤል) ውስጥ እንዳለ ከገባ ሰርቨሩ የመደመር ምልክቱን ባዶ ቦታ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ያኔ የተመዘገበው ሰው «አልተመዘገቡም» ይባላል። ኢንኮድ አድርጉት፣ ወይም ምልክቱን አውጥታችሁ ላኩ።

አደራ የምላችሁ ግን የሰርቨሩን መልስ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ስልክ ጆሮው ላይ ለያዘ ሰው 10 ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ይዘጋዋል። አስቀድማችሁ «እባክዎ ይጠብቁ» አሰሙት፣ ጊዜውን 5 ሰከንድ ላይ ገድቡት። ሰርቨሩ ካልመለሰ ጥሪው የሚሄድበትን ቀስትም ሳሉ፤ እዚያ የምታስቀምጡትን የይቅርታ መልእክት በሀዲይሳም ቅዱት።