“የተያዘ ቦታ” በገበያ ስንት ያወጣል?

ሱቅ ወይም ቢሮ የሚያከራይ ሰው “ከነመኪና ማቆሚያው ነው” ማለቱ የተለመደ ሆኗል። ደላላውም ይህንኑ እየጠቀሰ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ቦታው ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መኪና ቆሞ ይገኛል። ከአንኮበር ባቄላና ምስር ጭኖ አዲስ አበባ የገባ አይሱዙ ማራገፊያ አጥቶ ሲዞር ከዋለ፣ የነዳጁና የጫኝና አውራጁ ሒሳብ የሚያርፈው በነጋዴው ላይ ነው።

የጠቡ መነሻ ሦስት ዓይነት ቦታዎች መምታታታቸው ነው። የመንገድ ዳር የሕዝብ ነው፤ ከሱቅ ፊት ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ ማስቀመጥ መብት አይፈጥርም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሚያስከፍሉትም ለማቆሚያ አገልግሎቱ እንጂ የቦታው ዋጋ አይደለም። በኮንዶሚኒየም ግቢ ደግሞ የጋራ መጠቀሚያው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ ነው። ሦስተኛው፣ በግል ሕንፃ ውስጥ በውል የተሰጠ ቦታ ነው። ጠንካራ መከራከሪያ ያለው በዚህኛው ላይ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተነሣበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን ይታገዳል። ቁጥር 1148 ባለይዞታው ነጣቂን በኃይል እንዲከላከል ቢፈቅድም፣ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ የኃይል ሥራን ይከለክላል። ስለዚህ ጎማ አስተንፍሶ ወይም መስተዋት ሰብሮ “ቦታዬን አስከበርኩ” የሚል ነጋዴ ራሱ ካሣ ከፋይ ሊሆን ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያ 1,400 ያህል መኪኖች ይይዛል። እንዲህ ያለው ሥራ እፎይታ ቢሰጥም ደንበኛ መኪናውን ማቆም የሚሻው ከሱቁ አጠገብ ነው።

እንግዲህ ተከራይ ከመፈረሙ በፊት የቦታው ቁጥርና ልክ በውሉ እንዲጻፍ፣ ንድፉ እንዲያያዝ፣ ሌላ ሰው ቢያቆምበት መኪናውን የማስነሣት ኃላፊነት የባለ ሕንፃው እንዲሆን፣ ማቆሚያው ከጠፋም ኪራዩ በስንት እንደሚቀንስ ማስወሰን ይኖርበታል። በቃል ብቻ የተሰጠ ማቆሚያ ዋጋ የሚጨምረው ለአከራዩና ለደላላው ነው።